የሁለት መቶ ቀን መንገድ

አባቴ በኪሎሜትር አያምንም ነበር። «ኪሎሜትር የመኪና ነው፤ የሰው መንገድ የሚቆጠረው በቀን ነው» ይላል። ከጉብሬ ወጣ ብሎ ካለው መንደራችን እስከ አዲስ አበባ በእሱ ሂሳብ አራት ቀን ነው። በጉርምስናው በእግሩ ሄዶታል፤ የት ውሃ እንደጠጣ፣ የት እግሩ እንደቆሰለ፣ የማን ቤት እንዳደረ ሳያዛንፍ ያስታውሳል። አስፋልቱ ተሠርቶ እሱ ራሱ በሦስት ሰዓት ተኩል መመላለስ ከጀመረ በኋላ እንኳ፣ አዲስ አበባ ምን ያህል ይርቃል ብሎ ለጠየቀው ሰው መልሱ ያው አራት ቀን ነበር።

እኔ ደግሞ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ። ወልቂጤ ከተማ ውስጥ ስንትና ስንት ተማሪ የምድር ወገብን በጣቱ እንዲከተል ያደረግሁ፣ ከመንደራችን ሴቶች መጀመሪያ ዲግሪ የያዝኩ፣ ይህንንም ሳልጠየቅ የምናገር ሰው ነኝ። አባቴና እኔ ስለ መንገድ ስንከራከር እሱ እግሩን ይዞ፣ እኔ ካርታዬን ይዤ ነው፤ እጅ የሚሰጥ የለም። እናቴ «ይሄን ግትርነትሽን ከእሱ ነው የወሰድሽው» ስትል እንደ ወቀሳ ነበር የምትናገረው። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር።

ነገሩ ግን የታናሽ እህቴ ነው። እሷ እንደኔ ትምህርቷን አልገፋችበትም። አሥረኛ ክፍልን እንደጨረሰች መርካቶ፣ አክስታችን ሱቅ ገባች፤ ከዓመታት በኋላም የራሷን የሴት ጫማ ሱቅ ከፈተች። ሚሊኒየሙን ካከበርን በኋላ መርካቶ ፊቱን ወደ ቻይና ሲያዞር እሷም ፓስፖርቷን አውጥታ ጓንዡ መመላለስ ጀመረች። ከመንደራችን ቻይናን የረገጡ ሁለት ሦስት ወንዶች ነበሩ፤ ሴት ግን እሷ ብቻ ነበረች። አላገባችም፤ ሠላሳ ዓመት አልፏታል። በዚህ የተነሳ የሚወራው ብዙ ነበር። እሷ ግን ወሬ ከምሰማ ጫማ ብመርጥ ይሻለኛል ትላለች።

መስቀል ለእኛ ቤት የመግቢያ ቀን ነው። መርካቶ ያለውም፣ ቡታጅራ ያለውም፣ ባሕር ማዶ ያለውም እንደምንም ብሎ ይገባል። በሬው የሚታረደው መስከረም አሥራ ስድስት ጠዋት ነው፤ እኛ ከሦስት ጎረቤቶች ጋር አንድ በሬ እንጋራለን። ከመታረዱ በፊት ሽማግሌዎቹ ቤት የገባውን ልጅ ሁሉ አቁመው ይመርቃሉ። አንድ ዓመት ሁለቱ ወንድሞቼ የተሳፈሩበት መኪና መንገድ ላይ ተበላሽቶ እስከ ቀትር ጠብቀናቸዋል፤ ያኔ ማንም ትንፍሽ አላለም።

በቀጣዩ ዓመት የዘገየችው እህቴ ነበረች። ዕቃዋን ከጉምሩክ ስታስወጣ ቆይታ ከአዲስ አበባ የተነሳችው በዕርዱ ቀን ጠዋት ነው። እየመጣሁ ነው ብላ ደውላለች። ስትደርስ ቆዳው ጀፎረው ላይ ተዘርግቷል፤ ሥጋው ተከፋፍሎ አልቋል። ጀፎረ የምንለው በቤቶቻችን ፊት የሚያልፈውን ሰፊ ሣራማ የጋራ መንገድ ነው፤ ሰርጉም ለቅሶውም ዕርዱም እዚያ ነው። እህቴ በቆዳው አጠገብ አልፋ ቤት ገባች። ክትፎዋን በላች፣ ለሁሉም ያመጣችውን ጫማ አደለች፣ ቀልዳ አሳቀችን።

ስትመለስ ግን ጉብሬ ድረስ ስሸኛት «ከእንግዲህ ለመስቀል አልመጣም» አለችኝ።

«ለምን?»

«ካልጠበቁኝ እንግዳ ነኝ ማለት ነው። እንግዳ ደግሞ በተመቸው ቀን ነው የሚመጣው።»

እንዲህ ስትል ድምጿ ውስጥ ቁጣ ቢኖር እከራከራት ነበር። ቁጣ አልነበረም፤ የገዛችውን ዕቃ ጉድለት አይታ እንደምትመልስ ነጋዴ ረጋ ብላ ነበር የተናገረችው። ያ ነው ያስፈራኝ። ማንንም ሳላማክር «የዘንድሮውስ አልፏል፤ ለሚመጣው ዓመት ግን አባዬ ይጠብቅሻል» አልኳት። «አይጠብቀኝም» አለች። «ካልጠበቀሽ እኔም ከዚያ በኋላ መስቀልን ከአንቺ ጋር መርካቶ እውላለሁ» ብዬ ማልኩላት። በሌላ ሰው ስም ቃል መግባት ይሄ ነው።

ዓመቱ ዞሮ ነሐሴ መጨረሻ ላይ እንደገና ወደ ጓንዡ ስትሄድ ቲኬቷን አየሁት። የፈረንጁን ሰዓት ወደ እኛ መለስኩና አነበብኩ፤ ከአዲስ አበባ የሚነሳው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ነው፤ ጓንዡ የሚደርሰው በማግስቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። «አሥራ አምስት ሰዓት ትበሪያለሽ» አልኳት። እሷ አላስተባበለችም። አውሮፕላን ውስጥ ገና ቀበቶዋን ሳታስር እንቅልፍ ስለሚወስዳት፣ ስንት ሰዓት አየር ላይ እንደምትቆይ አንድም ቀን ቆጥራ አታውቅም።

በዚያው ሳምንት ከትምህርት ቤታችን የምድር ሉሉን ተውሼ፣ በሻሽ ጠቅልዬ፣ በሚኒባስ አባቴ ዘንድ ወሰድኩት። ልጁ የት እንዳለች ያሳየው ሰው አልነበረም። ክር አምጥቼ አንዱን ጫፍ አዲስ አበባ ላይ፣ ሌላውን ጓንዡ ላይ አድርጌ ወጠርኩት፤ ክሩን ከሉሉ መለኪያ ጋር አስተያየሁና «ስምንት ሺህ ኪሎሜትር ገደማ» አልኩት።

«በቀን ንገሪኝ» አለኝ።

ይህን እንደሚል አውቅ ስለነበር አስቀድሜ ሠርቼዋለሁ። «አንተ አዲስ አበባን በአራት ቀን ከገባህ በቀን አርባ ኪሎሜትር ሄደሃል። በዚያ ሂሳብ ጓንዡ ሁለት መቶ ቀን ነው። ባሕሩ ላይ መሄድ ከተቻለ።»

አባቴ ጣቱን ክሩ ላይ አድርጎ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄደበት። የመን አጠገብ ቆመ፣ ሕንድ ላይ ቆመ፤ የሚያድርባቸውን ቦታዎች የሚመርጥ ይመስል ነበር። «ሁለት መቶ ቀን» አለ። «ለመስቀል የተነሳ ሰው ሚያዝያ ላይ ይደርሳል ማለት ነው።» እስከዚያ ቀን ድረስ ስለ እህቴ ሲጠየቅ መልሱ «መርካቶ ናት» ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ገበያም ይሁን ዕድር፣ ያገኘውን ሰው ሁሉ ይዞ «ልጄ ሁለት መቶ ቀን የሚያስኬድ አገር ነው የምትነግደው» ይለው ጀመር። አትታት ሐኪም ቤት ለዓይኑ ሄዶ ለነርሷ ሳይቀር ነግሯታል።

መስከረም አሥራ ሦስት ቀን እህቴ ደወለች። መስመሩ ይቆራረጥ ነበር። ቀድሞ ያለው በረራ ሞልቶባታል፤ የምትነሳው አሥራ አምስት ቀን እኩለ ሌሊት ላይ ነው። «ዘንድሮም ቆዳውን ነው የማገኘው?» አለችና ሳቀች። መልስ ሳልሰጣት መስመሩ ተቋረጠ።

ወረቀት አውጥቼ ቁጭ አልኩ። እኩለ ሌሊት ላይ አሥራ አምስት ሰዓት ስጨምር በማግስቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አዲስ አበባ ትደርሳለች። ሻንጣ እስክትቀበል፣ መኪና እስክታገኝ፣ እኛ ዘንድ እስክትገባ ምሽት አንድ ሰዓት ያልፋል። በሬው የሚታረደው ደግሞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ጻፍኩ። አንድና ሁለት ሰዓት ቢሆን አባቴን በልመና አስታግሰው ነበር፤ ይሄ ግን ሙሉ ቀን ነው።

መንደር ሄጄ ነገርኩት። «አባዬ፣ በዕርዱ ቀን መሽቶ ነው የምትገባው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አስልቼዋለሁ» አልኩት። ያን ቃል ያልኩበትን ድምፅ ሳስታውስ ዛሬም ፊቴ ይሞቃል።

ድርሻዋ ይቀመጥላታል ይለኛል ብዬ፣ የምመልስለትን ክፉ ክፉ ነገር ሁሉ መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ነበር። አላለኝም። ዓምና ምን ብላ እንደሄደች ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። «እንግዳ አለች?» አለ። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ያለወትሮው ምግብ እየተወ ሲነሳ እናቴ አመመው ብላ ነበር።

መስከረም አሥራ አምስት የሴቶች ቀን ነው፤ ጎመን ክትፎ ይሠራል። ከሰዓት በኋላ እናቴና እኔ ደጃፍ ተቀምጠን ጎመን ስንከትፍ አባቴ በሬውን የሚጋሩትን ሰዎች ጀፎረው ላይ ጠራቸው። ከእኛ ጥቂት እርምጃ ነው፤ ሁሉም ይሰማል። ዙሪያውን ሣሩ ላይ ከተቀመጡ በኋላ ዕርዱ ከጠዋት ወደ ማታ እንዲዛወር ጠየቀ። «ልጄ እስክትገባ» አለ።

መጀመሪያ የተናገሩት አጥር የምንጋራቸው ሽማግሌ ናቸው፤ የአባቴ እኩያ ናቸው፣ ያን የአራት ቀን መንገድም አብረውት ሄደዋል። ክፉ ሰው አይደሉም። ያሉት ሁሉ ምክንያት ነበረው። «በሬ ቀኑን ሙሉ ታስሮ ሲውል የት አይተሃል? ሕፃናቱ ከነጋ ጀምሮ ሥጋ ሥጋ ይላሉ። በጨለማ ሲካፈሉ አንዱ ይበዛለታል፣ አንዱ ይጎድልበታል፤ ለዓመት ቂም ነው።» ቀጥለውም «ደግሞ ሴት ልጅ ናት። ነገ ስታገባ መስቀሏ ባሏ ቤት ነው» አሉ።

ታላቅ ወንድሜ አባቴን የረዳ መስሎት «አባዬ፣ የእሷ ድርሻ ይቀመጥላታል፤ አትቀየምም» አለ። እሱን እስከ ቀትር የጠበቀውን ቤት ረስቶታል። ቢላዬን ጎመኑ ላይ ጥዬ ልነሳ ስል እናቴ በክርኗ ጎሰመችኝ። «ተቀመጪ፤ እሱ ይናገር» አለች።

አባቴ ንግግር የሚወድ ሰው አልነበረም። ሽማግሌውን ብቻ እያየ ተናገረ።

«አንተና እኔ አዲስ አበባ የሄድነው አራት ቀን ነው። ስንመለስ ይሄ ጀፎረ ሙሉ ሰው ወጥቶ ተቀብሎናል፤ አባትህ ፍየል አርደውልናል። አራት ቀን ነው። ልጄ ያለችበት አገር ሁለት መቶ ቀን ነው፤ አስተማሪዋ በክር ለክታዋለች። የሁለት መቶ ቀን መንገድ ተሻግራ ለምትመጣ ልጅ አንድ ቀን መጠበቅ ካቃተን ምኑን ነው መስቀል የምንለው?» ወደ ወንድሞቼ ዞረ። «እነዚህን እስከ ቀትር ጠብቀናቸዋል። የጠበቅነው ለመንገዳቸው ከሆነ የእሷ መንገድ ይበልጣል። ለወንድነታቸው ከሆነ ደግሞ ንገሩኝና ልወቀው።»

ወንድሞቼ ሣር መንጨት ጀመሩ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ፤ በመጨረሻ «እሺ። ግን በፋኖስ ሥጋ ሳካፍል ጣቴን ብቆርጥ ባንተ ነው» አሉ። ሰዎቹ ሳቁ። ነገሩ አለቀ።

በሕይወቴ ብዙ ነገር ያኮራኛል፤ እንደዚያ ከሰዓት በኋላ ግን ኮርቼ አላውቅም። አባቴ ለሴት ልጁ ሲል በሰው ፊት ወጥቶ፣ ከእኩያው ጋር ተከራክሮ፣ አሸንፎ ሲገባ አየሁት። እናቴ ቀና ብላ አላየችውም፤ የምትከትፈውን ጎመን ግን ከዱቄት አሳነሰችው። እኔ በጣም ደስ ብሎኝ እጄ ሥራውን ሊረሳ ደርሶ ነበር።

ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር እናቴ «አሁን ምን እያደረገች ይሆን? ምሳዋንስ በልታለች?» አለች።

«ኧረ ምን ምሳ!» አልኳት። «እዚያ እኮ መሽቷል። በአምስት ሰዓት ይቀድሙናል፤ እኛ አሥራ አንድ ሰዓት ስንል እነሱ ማታ አራት ሰዓት ናቸው።»

ይህን ብዬ ሳልጨርስ ቢላው እጄ ላይ ቆመ።

ቲኬት የሚጻፈው በየከተማው ሰዓት ነው። የመነሻው በአዲስ አበባ ሰዓት፣ የመድረሻው በጓንዡ ሰዓት። ከቆጠርኳቸው አሥራ አምስት ሰዓቶች ውስጥ አምስቱ በረራ አልነበሩም፤ ፀሐይ እዚያ ቀድማ ስለምትወጣ የመጣ ልዩነት ነው። በረራው አሥር ሰዓት ነው። የምትነሳበት እኩለ ሌሊትም የጓንዡ እኩለ ሌሊት እንጂ የእኛ አይደለም፤ በእኛ ገና ምሽት አንድ ሰዓት ነው። ስለዚህ ሊነጋጋ ሲል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ አዲስ አበባ ትደርሳለች። ነገ ረፋድ ላይ ቤቷ ናት። አምስቱን ሰዓት ሁለት ጊዜ ነው የዘነጋሁት፤ አንድ ጊዜ ስትሄድ፣ አንድ ጊዜ ስትመጣ።

በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ ምድርን በሃያ አራት ከፋፍዬ የማስተምረው እኔ ነኝ። ተማሪ እንዲህ ሠርቶ ቢያመጣልኝ በቀይ እስክሪብቶ አከብበውና ወላጅ አምጣ እል ነበር። ስምንት ሺህን ለአሥራ አምስት ባካፍል እንኳ፣ ይሄ ምን ዓይነት የሚንቀራፈፍ አውሮፕላን ነው ብዬ እጠረጥር ነበር። ግን ሰዓቱን ወደ እኛ ስመልስ ስድስት መቀነሴን እንደ ትልቅ ጥንቃቄ ቆጥሬ፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን ረሳሁት። እኛ ሰዓት መመለስ ስለለመድን አንዴ ከመለስን የጨረስን ይመስለናል።

«ምን ሆንሽ?» አለች እናቴ።

«ምንም» አልኳት።

ልናገር አስቤ ነበር፤ አልዋሽም፣ አንዱ የያዘኝ ነገር ክብሬ ነው። ሽማግሌው «ይሄው የአስተማሪዋ ክር!» ሲሉ ታየኝ። ከዚያ የባሰው ግን ሌላ ነው። ረፋድ ላይ ትገባለች ብል ዕርዱ ወደ ጠዋቱ ይመለሳል፤ «ቆዳውን ገፈን እስክንጨርስ ትደርሳለች፣ ምን ልዩነት አለው?» ይላሉ። እህቴም ዳግመኛ ቆዳ ተዘርግቶ ታገኛለች። አባቴ ያን ሁሉ ተናግሮ ያገኘው ነገር በእኔ ስህተት ላይ የቆመ ነበር። አፌን ዘጋሁ፤ ጎመኔን ከተፍኩ።

በማግስቱ በሬው ጀፎረው ላይ ታስሮ ቆመ። ሁለት ሰዓት ሆነ፣ ሦስት ሰዓት ሆነ። ከታችም ከላይም ባሉት ቤቶች ዕርድ ተጀምሮ የሰው ድምፅ ይሰማል፤ የእኛዎቹ ወንዶች ግን ቢላቸውን ስለው አጠገባቸው አስቀምጠው ተቀምጠዋል። አላፊ አግዳሚው «ምነው፣ ዘንድሮ ጾም ነው?» ይላቸዋል። አባቴ የክት ካፖርቱን ለብሶ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ሽማግሌው ፀሐይዋን ያያሉ፣ አባቴን ያያሉ። እኔ ምክንያት እየፈጠርኩ ሦስት ጊዜ እስከ መኪናው መንገድ ወጥቼ ተመለስኩ። ሁለተኛውን ሂሳብም ተሳስቼ ከሆነ ምን ይውጠኛል እያልኩ ነበር።

አራት ሰዓት ሲያልፍ የሚኒባስ ጥሩምባ ተሰማ። ኮንትራት ይዛ ነው የመጣችው። በአንድ እጇ ሻንጣ እየጎተተች፣ በሌላው ትልቅ ፌስታል አንጠልጥላ፣ ጀፎረውን ይዛ ወደ ላይ መጣች። በእንቅልፍ ያበጠ ዓይኗን ቤታችን ላይ አድርጋ ነበር የምትሄደው። በሬው ጋ ስትደርስ ቆመች። በሬውን አየች፤ የተቀመጡትን ሰዎች አየች።

«ለምን አልታረደም?» አለች።

የመለሱላት ሽማግሌው ናቸው። «የቤቱ ሰው ሳይገባ?» አሉ።

እህቴን ስታለቅስ አይቻት አላውቅም፤ ያን ቀንም አላለቀሰችም። የሻንጣዋን እጀታ ለመልቀቅ ግን ረጅም ጊዜ ወሰደባት። እናቴ ሄዳ ከእጇ አስለቀቀቻትና አቅፋ ይዛት ቆየች። በዚህ መሃል ሽማግሌው ወደ እኔ ዞር ብለው ዝቅ ባለ ድምፅ «መሽቶ ነው የምትገባው ያልሽን አይደለም እንዴ?» አሉኝ። «ነፋሱ ከኋላ ረድቶት ይሆናል» አልኳቸው። ወደ ምዕራብ የሚበርን አውሮፕላን ነፋስ እንደማይረዳው አሳምሬ አውቃለሁ። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አባቴ ግን ትክ ብሎ አየኝ።

ለምርቃቱ እህቴን ከሁለቱ ወንድሞቼ መሃል አቆሟት። ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው «የሄድሽበት ይቅናሽ፤ እግርሽ አይደናቀፍ፤ ይሄ ደጅ አይራቅሽ» አሉ፤ ሁላችንም አሜን አልን። በሬው ታረደ። ፋኖስም አላስፈለገም፤ የማንም ጣት አልተቆረጠም።

ሥጋው ሲበለት አባቴን ከአጥሩ ጥግ ለብቻው አገኘሁትና አልቻልኩም፣ ነገርኩት። እንዴት እንደተሳሳትኩ፣ ትናንት ከሰዓት በኋላ እንዳወቅሁት፣ አውቄም ዝም እንዳልኩ። እስክጨርስ ሰማኝ።

«እሷ ይሄን ታውቃለች?»

«አታውቅም። ረፋድ ላይ እንደምትመጣ አውቀን ጥቂት የጠበቅናት ነው የሚመስላት። ለማንም አልናገርም፣ አንተም እባክህ…»

«ንገሪያት» አለኝ።

«አባዬ፣ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝ እኮ። ዕድሜ ልኳን ነው የምትስቅብኝ።»

«ትሳቅብሽ» አለ። «ያንቺን ስህተት ካላወቀች የተቀመጥነው እስከ ረፋድ ነው የሚመስላት። እኔ የተቀመጥኩት እስከ ማታ ነው። እሱን ትወቅልኝ።»

ጓዳ ገብቼ አገኘኋት። ካመጣቻቸው ጫማዎች መሃል ተቀምጣ ለእናታችን የሚሆነውን እየፈለገች ነበር። ሁሉንም ነገርኳት፤ ቲኬቱን፣ አሥራ አምስቱን ሰዓት፣ ከሽማግሌው ጋር የተደረገውን ክርክር፣ አባታችን ያለውን ቃል በቃል። ሳቋን ስጠብቅ አልሳቀችም።

«እስከ ማታ?» አለች።

«እስከ ማታ።»

ጫማዎቹን እንደተበተኑ ትታ ተነሳች። ያኔ ወንዶቹ ሣሩ ላይ የመጀመሪያውን ክትፎ መብላት ጀምረው ነበር። እህቴ ሄዳ በአባቴና በሽማግሌው መካከል ተቀመጠች። ሽማግሌው ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት። አባቴም ከፊቱ ካለው ክትፎ በቆጮ ጠቅልሎ አጎረሳት።